አየራችንን ማን ለካው? የሃይፋ አካባቢ ከተሞች ታሪክ

ውሃ ሲደፈርስ በዓይን ይታያል። ቆሻሻ ሲከማችም ጎረቤት ሁሉ ያጉረመርማል። አየር ግን እንደዚህ አይደለም። ከሚጎዱን ነገሮች ብዙዎቹ ቀለም የላቸውም፣ አንዳንዶቹም ሽታ የላቸውም። የሚሸት ነገር ሁሉ ደግሞ አደገኛ ነው ማለት አይቻልም። ስለዚህ አንድ ሰፈር ወይም አንድ ከተማ «አየሬ ተበክሏል» ብሎ ለመክሰስ መጀመሪያ መለካት ይኖርበታል። ወላጆቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። የአየር ነገር ትንሽ ይለያል፤ በሽታው ራሱ ተደብቆ ነው የሚኖረው፣ አውጥቶ የሚያሳየው መለኪያው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሃይፋና በዙሪያዋ ያሉ ከተሞች፣ የእኛም ቲራት ካርሜል ጭምር፣ አየራቸውን መለካትና መቆጣጠር እንዴት እንደጀመሩ ባጭሩ እተርካለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ይህን ርዕስ የመረጥኩት በእኛ መካከል ስለ ጭስ ወሬ ሲነሳ «እሱ የሃይፋና የክራዮት ጉዳይ ነው፣ እኛ ከተራራው ወዲህ ነን» የሚል መልስ ስለሚበዛ ነው። መልሱ በከፊል እውነት አለው። ታሪኩን ሳነብ ያገኘሁት ግን ሌላም ነገር አለ፤ በዚህ አካባቢ አየሩ የተሻሻለው ከተሞቹ «የእኔ ጭስ፣ የአንተ ጭስ» ማለት ትተው አብረው ሲለኩና አብረው ሲጠይቁ ነው።

ተራራው፣ ባሕሩና ነፋሱ

መጀመሪያ ቦታውን እንይ። የካርሜል ተራራ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ500 ሜትር ያልፋል። በሰሜንና በምሥራቅ በኩል የሃይፋ የባሕር ወሽመጥ አለ። ወደቡ፣ የነዳጅ ማጣሪያው፣ የኬሚካል ፋብሪካዎቹና የኪሾን ወንዝ በዚያ ናቸው። በምዕራብ በኩል፣ ከተራራው ሥር ከባሕሩ ፊት ለፊት፣ ቲራት ካርሜል ትገኛለች። ነፋሱ ብዙውን ጊዜ ከባሕር ወደ የብስ፣ ማለትም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ስለዚህ ከወሽመጡ የሚወጣው ጭስ አብዛኛውን ቀን ወደ ክራዮት፣ ወደ ኪርያት አታና ወደ ዘቡሉን ሸለቆ ይሄዳል፤ በተራራው ተዳፋት ላይ ያሉትም እንደ ነሼርና ኔቬ ሻአናን ያሉ ሰፈሮች ይነካቸዋል።

ግን ነፋስ ሁልጊዜ ልማዱን አይጠብቅም። በአንዳንድ ቀን ከምሥራቅ ይመጣል። በአንዳንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ ይቆማል። ያን ጊዜ ሞቃት አየር ከላይ እንደ ድስት ክዳን ይደፋና ከታች ያለው ጭስ መውጫ ያጣል። የአየር ብክለት የሚብሰው በእንደነዚህ ባሉ ቀናት ነው። ፋብሪካው ያው ነው፣ ጭሱም ያው ነው፤ የተለወጠው ክዳኑ ብቻ ነው።

ፋብሪካዎቹ እንዴት መጡ?

ብዙ ሰው ፋብሪካዎቹ እስራኤል ከተመሠረተች በኋላ የመጡ ይመስለዋል። ታሪኩ ግን ከዚያ ይቀድማል። በ1925 የነሼር የሲሚንቶ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ የነሼር ከተማም በዙሪያው አደገች። በ1933 እንግሊዞች የሃይፋን ወደብ መርቀው ከፈቱ። በ1930ዎቹ አጋማሽ ከኢራቅ ኪርኩክ የተነሳው የነዳጅ ቧንቧ፣ ርዝመቱ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው፣ ሃይፋ ደረሰ። ቧንቧው ካለ ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ በ1939 የነዳጅ ማጣሪያው ሥራ ጀመረ። ማጣሪያው ካለ ደግሞ ከነዳጅ የሚሠሩ ኬሚካሎችን የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አጠገቡ መሰለፋቸው አይቀርም፣ እንደዚያም ሆነ። ለብዙ ዓመታት የሃይፋ ምልክት ሆነው በፖስታ ካርድ ላይ ይታዩ የነበሩት ሁለቱ የማጣሪያው ማቀዝቀዣ ማማዎች የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። አንደኛው በጁን 2020 ፈረሰ።

በ1948 ከኢራቅ የሚመጣው ነዳጅ ቆመ፤ ማጣሪያው ግን አልቆመም። አዲሲቱ አገር ነዳጅ፣ ኤሌክትሪክ፣ ሲሚንቶና ማዳበሪያ ያስፈልጋት ነበር። ከሁሉም በላይ ሥራ ያስፈልጋት ነበር። ቲራት ካርሜል ራሷ የዚያ ዘመን ከተማ ናት። በጦርነቱ ጊዜ ነዋሪዎቹ የወጡበት አል ጢራ የሚባል የአረብ መንደር በነበረበት ቦታ በ1949 አዲስ መጤዎች ሰፈሩባት፤ መጀመሪያ ማዕባራ ነበረች። ከተማ ተብላ የተሰየመችው በ1992 ነው፤ ከኦፕሬሽን ሰሎሞን አንድ ዓመት በኋላ ማለት ነው። በነዚያ ዓመታት ከወሽመጡ የሚወጣው ጭስ ለብዙ ሰው የእንጀራ ምልክት ነበር። «ጭስ ካለ ሥራ አለ» የሚል አስተሳሰብ ነበረ።

አንድ ሌላ ነገርም መዘንጋት የለበትም። ማጣሪያው ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው የመንግሥት ንብረት ነበር፤ ወደ ግል የተዛወረው በ2007 ገደማ ነው። የኤሌክትሪክ ኩባንያውም የመንግሥት ነው። ስለዚህ ጭሱን የሚያወጣውም፣ ጭሱን መቆጣጠር የነበረበትም አንድ አካል ነበር። ራሱን በራሱ ማን ይከስሳል? ይህ ጥያቄ የአካባቢው ከተሞች ለምን ራሳቸው መለካት እንዳስፈለጋቸው ያስረዳል።

ከሎንዶን የመጣ ትምህርት

አየርን መቆጣጠር የአካባቢ አስተዳደር ሥራ ነው የሚለው ሐሳብ እኛ ጋ አልተፈጠረም። በዲሴምበር 1952 ሎንዶን ላይ ነፋስ ለአምስት ቀን ያህል ቆመ። ብርድ ስለነበረ ሰው ሁሉ ቤቱን በድንጋይ ከሰል ያሞቅ ነበር። ጭሱ ከጉሙ ጋር ተደባልቆ ከተማዋን አጨለማት፤ ሰው የራሱን እግር ማየት አቃተው። በወቅቱ የተገመተው የሟቾች ቁጥር 4,000 ያህል ነበር፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እስከ 12,000 አድርሰውታል።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1956፣ የእንግሊዝ ፓርላማ የንጹሕ አየር ሕግ አወጣ። የሕጉ ቁም ነገር ሥልጣኑን ለአካባቢ ምክር ቤቶች መስጠቱ ነው። አንድ ምክር ቤት «ይህ ሰፈር ከጭስ ነጻ ነው» ብሎ ማወጅ ቻለ። በዚያ ሰፈር የሚኖር ሰው ጭስ የማያወጣ ማገዶ መጠቀም ግዴታው ሆነ፤ ምድጃውን ለሚቀይር ቤተሰብም የገንዘብ ድጋፍ ተደረገለት። መከልከል ብቻ ቢሆን ኖሮ ድሃው በብርድ ይሞት ነበር። መንገዱን ስላሳዩትና ስላገዙት ሕጉ ሠራ። እኔ ከዚህ የተማርኩት፣ ሰፈሩን የሚያውቅ አስተዳደር ከሩቅ ካለ ሚኒስትር የተሻለ ሕግ ማስፈጸም እንደሚችል ነው።

የካኖቪች ሕግ

በእስራኤል የመጀመሪያው የአየር ብክለት ሕግ በ1961 ወጣ። ሐሳቡን ያቀረበው ሺሞን ካኖቪች የሚባል የክኔሴት አባል ነበር፤ ሙያው የሕፃናት ሐኪምነት ነው። በዚህም ምክንያት ሕጉ እስከ ዛሬ «የካኖቪች ሕግ» እየተባለ ይጠራል። ሕጉ ከባድ ወይም ምክንያታዊ ያልሆነ ድምፅ፣ ሽታና የአየር ብክለት ማድረስን ይከለክላል።

ጥሩ ሕግ ነበር። ግን «ምክንያታዊ ያልሆነ» ማለት ስንት ነው? ሕጉ ይህን አልተናገረም፤ ለሚኒስትሮች ደንብ ተወው። የአየር ጥራት ደንብ የወጣው ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1971 ነው፤ በ1992 ደግሞ በአዲስ ተተካ። በመካከሉ ፋብሪካውም ነዋሪውም የየራሱን ይናገር ነበር። ነዋሪው «አፈነን» ይላል፣ ፋብሪካው «ከእኛ አይደለም» ይላል። ዳኛው ምን ይዞ ይፍረድ? ቁጥር የለውም።

ማዘጋጃ ቤቶች (እኛ ዒሪያ የምንላቸው) በዚያን ጊዜ በእጃቸው የነበረው ዋና መሣሪያ በ1968 የወጣው የንግድ ፈቃድ ሕግ ነበር። ፈቃድ የሚሰጠው ማዘጋጃ ቤቱ ስለሆነ፣ አንድ ፋብሪካ ፈቃዱን ሲያሳድስ የአካባቢ ጥበቃ ቅድመ ሁኔታ ሊያስቀምጥበት ይችላል። ይህ መሣሪያ ግን በአንድ ትንሽ ከተማ እጅ ደካማ ነው። ጭሱ ከሌላ ከተማ ክልል ከመጣስ? ቲራት ካርሜል በሃይፋ ውስጥ ላለ ፋብሪካ ፈቃድ አትሰጥም፣ አትነጥቅም። ኪርያት አታም እንደዚያው። ነፋሱ ግን የማዘጋጃ ቤት ድንበር አያውቅም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር

መፍትሔው የተገኘው ከአንድ አሮጌ ሕግ ነው። በ1955 የወጣው የከተሞች ማኅበር ሕግ ጥቂት ከተሞች ተባብረው አንድ አገልግሎት በጋራ እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ የሃይፋ አካባቢ ከተሞች በዚህ ሕግ ተጠቅመው ለአካባቢ ጥበቃ የጋራ ማኅበር አቋቋሙ። በዕብራይስጥ «ኢጉድ አሪም» የሚባለው ይህ ነው። ሃይፋ፣ ነሼር፣ ቲራት ካርሜል፣ ኪርያት አታ፣ ኪርያት ቢያሊክ፣ ኪርያት ሞጽኪን፣ ኪርያት ያም፣ ኪርያት ቲቮን፣ ሬኻሲምና የዘቡሉን አካባቢ ምክር ቤት በውስጡ አሉ። ያን ጊዜ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ገና አልነበረም፤ ሚኒስቴሩ የተቋቋመው በ1988 መጨረሻ ነው። ማለትም በእኛ አካባቢ ከተሞቹ ከሚኒስቴሩ ቀድመዋል።

ማኅበሩ በየቦታው የመለኪያ ጣቢያዎች አቆመ። በዚያ ዘመን ዋናው ጠላት ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነበር። ይህ ጋዝ የሚወጣው ሰልፈር የበዛበት ከባድ ነዳጅ ሲቃጠል ነው፤ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ያሳጥራል። የኤሌክትሪክ ማመንጫውና ማጣሪያው ይህን ነዳጅ በብዛት ያቃጥሉ ነበር።

ቁጥሮቹ ከተገኙ በኋላ ክርክሩ ተለወጠ። በ1980ዎቹ በካኖቪች ሕግ መሠረት ለማመንጫውና ለማጣሪያው ለእነሱ ብቻ የሚሠራ ትእዛዝ ተሰጠ። አሠራሩ ቀላልና ብልህ ነበር። ትንበያው ነፋስ እንደሚቆም ሲያሳይ ወይም የጣቢያዎቹ ቁጥር ሲያሻቅብ፣ ፋብሪካዎቹ ሰልፈሩ አነስተኛ ወደሆነ ውድ ነዳጅ እንዲቀይሩ ይታዘዛሉ። አየሩ ሲጸዳ ወደ ርካሹ ይመለሳሉ። ዓመቱን ሙሉ ውድ ነዳጅ ይቃጠል ቢባል ኖሮ «አገር ይከስራል» የሚል ጩኸት ይነሳ ነበር። በክፉ ቀን ብቻ ይሁን ሲባል ግን ምክንያት አጡ። ክፉው ቀን የትኛው እንደሆነ የሚናገረው ደግሞ ከተሞቹ ያቆሙት መለኪያ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነዳጁ ጥራት እየተሻሻለ ሄደ። ከ2010 ወዲህ ደግሞ የተፈጥሮ ጋዝ ወደ ሃይፋ ሲደርስ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በከፍተኛ መጠን ቀነሰ።

ጣቢያው ውስጥ ምን አለ?

አንድ የመለኪያ ጣቢያ ትንሽ ክፍል የምታህል ሳጥን ናት። ጣሪያዋ ላይ አየር የሚስቡ ቱቦዎች አሉ። ውስጧ በየዓይነቱ መሣሪያ ተደርድሯል። ለምሳሌ ሰልፈር ዳይኦክሳይድን የሚለካው መሣሪያ አየሩ ላይ አልትራቫዮሌት ብርሃን ይረጫል፤ ጋዙ ካለ መልሶ ብርሃን ይሰጣል፣ የብርሃኑም ብዛት መጠኑን ይናገራል። ሌላው የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ይለካል፤ እነዚህ በዋናነት ከመኪና ጭስ ይመጣሉ። ሌላው ኦዞንን፣ ሌላው ደቃቅ ብናኝን ይለካል። 2.5 ማይክሮሜትርና ከዚያ በታች የሆነው ብናኝ ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ያህል ይቀጥናል፤ ስለዚህ ሳንባ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 የዚህ ብናኝ ዓመታዊ ልክ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ10 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሮ ነበር፤ በ2021 ግን ወደ 5 አወረደው።

ቤንዝን የሚባልም አለ። ስሙ መኪና ውስጥ ከምንቀዳው ቤንዚን ጋር ይምታታል፤ በእርግጥም በውስጡ አለበት። ካንሰር የሚያመጣ ነገር ስለሆነ በወሽመጡ አካባቢ ለብቻው ይለካል።

ቁጥሮቹ ለሕዝብ ክፍት ናቸው። ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። በሌሎች አገሮች የአየር ጥራት ቁጥር ከፍ ሲል አየሩ መጥፎ ነው ማለት ነው። በእስራኤል መለኪያ ተቃራኒው ነው፤ 100 ንጹሕ ነው፣ ከ51 እስከ 100 ጥሩ፣ ከ0 እስከ 50 መካከለኛ፣ ከዜሮ በታች ሲወርድ ነው መጥፎ የሚሆነው። ወላጆች በስልካቸው የተለያየ አፕሊኬሽን ሲያዩ እንዳይደናገሩ ልጆች አስረዷቸው።

መለኪያዎቹ ስለ እኛ ስለ ራሳችንም ይመሰክራሉ። በላግ ባዖሜር ሌሊት እሳት ሲነድ ደቃቅ ብናኝ በአንዴ ሽቅብ ይወጣል። በዮም ኪፑር ቀን ደግሞ መኪና ሁሉ ሲቆም የናይትሮጅን ኦክሳይድ መጠን ቁልቁል ይወድቃል። ይህ በየዓመቱ የሚታይ ነው። ስለዚህ «ጭሱ የፋብሪካ ብቻ ነው» የሚል ሰው ካለ የዮም ኪፑርን ቁጥር ይመልከት።

ቁጥሩ ጥርስ ሲያወጣ

በጁላይ 2008 ክኔሴት የንጹሕ አየር ሕግን አጸደቀ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2011 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ሕግ ትልልቅ ፋብሪካዎች ከአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር የልቀት ፈቃድ ማውጣት ግዴታቸው ሆነ። አገር አቀፍ የመለኪያ መረብ እንዲኖርና ውጤቱ ለሕዝብ እንዲገለጽ ተደነገገ። የአካባቢ አስተዳደሮችም ብክለት በሚበዛበት ቦታ የመኪና እንቅስቃሴን ለመገደብ ሥልጣን አገኙ። በዚያው በ2008 ሌላ ሕግ ደግሞ የማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪዎች የአካባቢ ጥበቃ ሕጎችን እንዲያስከብሩ ፈቀደ። በ2012 የወጣው ሕግ ፋብሪካዎች ምን ያህል ብክለት እንደሚለቁ በየዓመቱ እንዲያሳውቁ አስገደደ።

ሕግ መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ መጠቀሙ ሌላ ነው። በአፕሪል 2015 የጤና ሚኒስቴር በሃይፋ አካባቢ የሕፃናት ካንሰርን ከአየር ብክለት ጋር የሚያያዝ ደብዳቤ መጻፉ ተሰማ። ወላጆች ጭምብል አድርገው ሰልፍ ወጡ። የሃይፋ ከንቲባ ዮና ያሃቭ የማዘጋጃ ቤቱን የጭነት መኪናዎች ልኮ የትልልቅ ፋብሪካዎችን በር አዘጋ። መዘጋቱ አጭር ነበር። አንዳንዱ «ታይታ ነው» አለ፣ አንዳንዱ «ይገባቸዋል» አለ። ቢሆንም በዚያው ዓመት መንግሥት በሃይፋ ወሽመጥ የአየር ብክለትን የሚቀንስ አገራዊ ዕቅድ አጸደቀ።

ሁለተኛው ትግል ከጭስ ይልቅ ስለ አደጋ ነበር። በወሽመጡ 12,000 ቶን የሚይዝ የአሞኒያ ማጠራቀሚያ ነበር። አሞኒያ ለማዳበሪያ መሥሪያ ይውላል፤ ቢፈስስ ግን የሚተነፍሰውን ይገድላል። በ2017 መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤቱ የቴክኒዮኑን ፕሮፌሰር ኤሁድ ኬይናንን ጥናት ይዞ ፍርድ ቤት ሄደ። ጉዳዩ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ማጠራቀሚያውም በዚያው ዓመት በበጋ ባዶ ሆነ። የዛሬ ወጣቶች ይህን ልብ በሉት፤ ለብዙ ዓመት «አይቻልም» ሲባል የነበረው ነገር አንድ ከተማ ጥናትና ጠበቃ ይዞ ሲቀርብ በወራት ውስጥ ተቻለ።

ሦስተኛው እርምጃ ጸጥ ያለ ነበር። ከፌብሩዋሪ 2018 ጀምሮ ሃይፋ ማጣሪያ የሌላቸው አሮጌ ከባድ የናፍጣ መኪናዎች በከተማዋ ክፍሎች እንዳይገቡ ከለከለች። በእስራኤል የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ክልል ነው። የሎንዶን ምክር ቤቶች በ1956 ለምድጃ ያደረጉትን ሃይፋ ለናፍጣ አደረገችው ማለት ይቻላል።

በማርች 2022 መንግሥት የወሽመጡን የነዳጅ ኬሚካል ኢንዱስትሪ በአስር ዓመት ገደማ ውስጥ ለመዝጋት ወሰነ። ሠራተኞች ምን ይሆናሉ፣ የአገር ነዳጅ ከየት ይመጣል፣ የተበከለው መሬት በማን ወጪ ይጸዳል የሚሉት ጥያቄዎች ቀላል አይደሉም። በጁን 2025 ከኢራን የተተኮሰ ሚሳይል ማጣሪያውን መትቶ ሦስት ሠራተኞች ሕይወታቸውን አጡ። ስለ ፋብሪካው ስንነጋገር እዚያ ገብተው እንጀራቸውን የሚያገኙ ሰዎች እንዳሉ መርሳት የለብንም። ጭሱን መጥላት ሠራተኛውን መጥላት አይደለም።

አዲስ አበባስ?

ወላጆቻችን በጎንደር መንደሮች ጭስን የሚያውቁት ከጎጆ ውስጥ ነው። በእንጨትና በኩበት የሚነድ ምድጃ፣ ጭሱ በጣሪያው ሣር መካከል የሚወጣ፣ የእናቶችን ዓይን የሚያስለቅስ። ያ ጭስ ጎረቤት አይደርስም፣ ከሳሽም ተከሳሽም የለውም። ከተማ ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የማገዶና የከሰል ጭስ ከአሮጌ መኪናዎች ጭስ ጋር ይደባለቃል።

ኢትዮጵያ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ አላት፤ አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ በፈረንጆች 2002 የወጣ። ሕጉ አለ ማለት ነው፣ እንደ ካኖቪች ሕግ። ችግሩ መለኪያው ላይ ነው። ለብዙ ዓመታት ሰው ስለ አዲስ አበባ አየር በየሰዓቱ ማየት የሚችለው ዋናው ቁጥር የአሜሪካ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ ካለ መሣሪያ የሚመጣው ነበር። በማርች 2025 አሜሪካ በዓለም ዙሪያ ከኤምባሲዎቿ የሚመጣውን የአየር መረጃ ማሰራጨት አቆመች። በሰው መለኪያ የሚኖር ከተማ ባለቤቱ ሲያነሳው ባዶ እጁን ይቀራል። ለዚህ ነው የራስ ጣቢያ ዋጋው ከመሣሪያው ዋጋ በላይ የሚሆነው።

መልካም ነገርም አለ። የከተማው አስተዳደር ከ2021 እስከ 2025 የሚሆን የአየር ጥራት አስተዳደር ዕቅድ አዘጋጅቷል። ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ መንገዶች ለጥቂት ሰዓት ከመኪና ነጻ የሚሆኑበት «መንገድ ለሰው» የሚባል ቀን ተጀምሯል። በ2024 ደግሞ ኢትዮጵያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች።

ከተራራው ወዲህ

ወደ ቲራት ካርሜል እንመለስ። ከወሽመጡ ጭስ ተራራው በከፊል ጋርዶናል፣ እውነት ነው። ግን ሁለቱ ትልልቅ መንገዶች፣ ቁጥር 2 እና ቁጥር 4፣ በአጠገባችን ያልፋሉ። በዲሴምበር 2010 የተከፈቱት የካርሜል ዋሻ መንገዶች የምዕራብ አፋቸው ከእኛ ብዙ አይርቅም። የኢንዱስትሪ ቀጠናም አለን። የእኛ ዋና የአየር ጉዳይ እንግዲህ ከጭስ ማውጫ ይልቅ ከመኪና፣ ከግንባታ አቧራና በየሜዳው ከሚቃጠል ቆሻሻ ጋር የተያያዘ ነው።

ተራራው ራሱም ሁልጊዜ ጋሻ አይሆንም። በዲሴምበር 2010 የካርሜል ደን ሲቃጠል 44 ሰዎች ሞቱ። ብዙ የማኅበረሰባችን ልጆች የተማሩበት የየሚን ኦርድ የወጣቶች መንደር ብዙ ሕንጻዎቹን አጣ። ከቲራት ካርሜልም ሰዎች ከቤታቸው እንዲወጡ ተደርጓል። ያን ጊዜ ጭሱ ከወሽመጡ አልመጣም፤ ከላያችን ወረደ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሽታ ሲሸታችሁ፣ ሰው ሜዳ ላይ ፕላስቲክ ሲያቃጥል ስታዩ፣ ወይም ከግንባታ ቦታ አቧራ ቤታችሁ ሲገባ፣ የማዘጋጃ ቤቱን ስልክ 106 ደውሉ። ለአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴርም በኮከብ 6911 መደወል ይቻላል። ሰዓቱን፣ ቦታውንና የነፋሱን አቅጣጫ ተናገሩ፤ ተቆጣጣሪው ሰዓቱን ይዞ የጣቢያውን ቁጥር ማመሳከር ይችላል። የተመዘገበበትን ቁጥር ጠይቁና ጻፉት። አንድ ሰው ሲደውል ስሞታ ነው፤ ሃያ ሰው ሲደውል ማስረጃ ይሆናል።

የእኛ የወጣቶች ድርሻ ደግሞ ከዚህ ያልፋል። ማስጠንቀቂያ የሚወጣው በዕብራይስጥ ነው። «ዛሬ ልብ ወይም ሳንባ የሚያማቸው ሰዎች ከቤት እንዳይወጡ» ሲባል፣ ያ መልእክት በጣም የሚያስፈልጋቸው አያቶቻችን አይሰሙትም። አስም ያለበት ሕፃን ቤት ውስጥ ካለ፣ በክፉ አየር ቀን የቡናው ከሰልና የዕጣኑ ጭስ መስኮት ሳይከፈት እንዳይበዛ በአክብሮት ማስረዳትም የእኛ ሥራ ነው። ቡናችንንና ዕጣናችንን እንተው አልልም፤ መቼና የት እንደሚሆን እንወቅ ነው።

ወላጆችም አንድ ነገር ላስታውስ። በከተሞቹ ማኅበር ውስጥ ቲራት ካርሜል ድርሻ አላት። ለከተማው ምክር ቤት የምንመርጣቸው ሰዎች ስለ መንገድና ስለ መዋዕለ ሕፃናት እንደምንጠይቃቸው ሁሉ ስለ አየርም ልንጠይቃቸው እንችላለን። ለከተማችን ቅርብ የሆነው የመለኪያ ጣቢያ የት ነው? ባለፈው ዓመት ስንት ቀን ከልክ አለፈ? ትምህርት ቤት በር ላይ ሞተር ሳያጠፉ የሚቆሙ አውቶቡሶችን ማን ይቆጣጠራል? እነዚህ የተማረ ሰው ብቻ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አይደሉም። አንድ እናት በስብሰባ ላይ ብታነሳቸው መልስ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ዕብራይስጡ ቢያስቸግር ልጇ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ይተርጉምላት።